ከ7 እስከ 11 ሰዓት፦ የድሬዳዋ ትዝብት

ሳቢያን ሰፈር፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ሦስት ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ አንዲት ጫት ሻጭ ፊት ቆሙ። ሴትዮዋ ጫቷን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና፣ ጆንያው ላይ ከጀሪካን ውሃ እያርከፈከፈች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና፣ "አቦ፣ በዚህ ልብስ አልሸጥላችሁም፤ ቀይራችሁ ኑ" አለች። አልተከራከሯትም። አንደኛው ቦርሳውን ከፈተ፤ ከደብተሮቹ መሐል ተጠቅልሎ የተቀመጠ ጥቁር ቲሸርት አወጣ፤ ሸሚዙን እዚያው መንገድ ዳር አውልቆ ቀየረ። ከዚያ እንደ አዲስ ደንበኛ ጠጋ አለ። አንድ ዙርባ በፌስታል አድርጋ ሰጠችው፤ መልሱንም ቆጥራ መለሰችለት።

በዚህች ሴት አልፈርድም። ለተማሪ መሸጥ ነውር መሆኑ ገብቷታል፤ ማንም ሳያስገድዳት ለራሷ ደንብ አውጥታለች። ነውሩ ግን ያረፈው ሸሚዙ ላይ ነው፣ ልጁ ላይ አይደለም። እኔን ከሁሉ ያስጨነቀኝ ቲሸርቱ ነው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ አጣጥፎ ይዞት ወጥቷል ማለት ነው።

*

ሕጉን አገላብጬ አየሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ካናቢስን የመሰለ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሺሻንም ከልክሏል። ስለ ጫት ስፈልግ ያገኘሁት የኤክሳይዝ ታክሱን አዋጅ ነው፤ ቁጥር 767/2004፤ ሲወጣ በኪሎ 5 ብር ያለው። ኪሎው ይመዘናል፣ ይቆጠራል። የቃሚው ዕድሜ ግን አይጠየቅም።

ለ15 ዓመት ልጅ ጭንቅላት የተከለከለ፣ የተገደበ፣ የተቀረጠ የሚባል ልዩነት የለም። የገባበትን ሁሉ ይቀበላል።

*

ብዙ ወላጅ ልጆች ጫትን የሚለምዱት ከመጥፎ ጓደኛ ነው ብሎ ያምናል። እኔ ሃያ ዓመት ያለፋቸውን የሰፈሬን ልጆች "የመጀመሪያዋን ቅጠል ማን ሰጠህ?" እያልኩ ጠይቄያለሁ። ገዝቶ የጀመረ አላጋጠመኝም። አጎት፣ የአክስት ባል፣ ሠርግ ቤት አጠገቡ የተቀመጠ እንግዳ፣ ታላቅ ወንድም። "ጀባ" ተብለው ነው።

ጀባ የድሬ የደግነት ቃል ናት። ያለኝን ተካፈለኝ ማለት ነው፤ በዚህ ከተማ ሰው ፊት ብቻውን የሚበላ፣ ብቻውን የሚቅም ሰው አይወደድም። ስለዚህ 14 ዓመት የሆነው ልጅ ጀባውን ሲቀበል የቀመሰው ቅጠሉን ብቻ አይደለም። ከትልቆቹ ተርታ መቆጠርንም ቀምሷል። ይህን ስጦታ እንዴት "አልፈልግም" ይላል? እንቢ ማለት የሚያስከብር መሆኑንስ ማን አስተማረው?

ድሬ አንቱታ አታውቅም። ልጅ አዛውንቱን "አንተ" ብሎ ይጠራል፤ አዛውንቱም አይቀየምም። ይህን የከተማችንን ጠባይ እወደዋለሁ፤ ከመጣሁበት አገር ጋር ሳነጻጽረው ደረቴን ይከፍተዋል። ግን ሰው ተሰብስቦ በሚቅምበት በርጫ ቤት ውስጥ ሌላ መልክ ይዟል። የ50 ዓመት ሰውና የ16 ዓመት ልጅ አንድ ፍራሽ ላይ፣ አንድ ትራስ ተደግፈው፣ ከአንድ ፌስታል ይቅማሉ። አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦ "በእኛ ጊዜ ልጅ በርጫ ላይ የሚገባው ውሃ ሊያቀርብ ነው። ውሃውን አስቀምጦ ይወጣል። ቅጠል ቢያነሳ እጁን እንመታው ነበር።" አባቶቹ ይቅሙ ነበር፤ ዱዓውም፣ የጋራ ጸሎቱ ወዳጃውም በጫት ነበር። ነገር ግን በርጫው ደፍ ነበረው። እኛ ደፉን አንስተን ፍራሹን ብቻ ወረስን።

*

ወላጆች ሲሰበሰቡ የሚፈሩት አንድ ቃል ነው፤ "ዕፅ"። ዕፅ ሲባል የሚታያቸው ሻሸመኔ ነው፣ ወይም ፖሊስ ያዝኩት ብሎ በቴሌቪዥን የሚያሳየው የካናቢስ ጥቅል ነው። ሩቅ የሆነ፣ በባዕድ እጅ የሚመጣ ነገር። ዕፅ ግን በአባቶቻችን ቋንቋ በግዕዝ ዛፍ፣ ተክል ማለት ብቻ ነው፤ ዕፀ በለስ እንደምንለው። በጓሮ የበቀለውም ዕፅ ነው።

ፍርሃታቸው ከንቱ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 በስዊድን ለውትድርና የቀረቡ 45,570 ወጣቶችን 15 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር። በ18 ዓመታቸው ካናቢስ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት፣ ካላጨሱት ይልቅ በስኪዞፍሬንያ የመያዛቸው ዕድል 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በኒውዚላንዷ ደኒደን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን እስከ ጉልምስና ተከታትለው ያዩ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ ነገር ጻፉ፦ በጉርምስና ካናቢስ ጀምረው ለዓመታት የዘለቁት በማሰብ ችሎታ መለኪያ በአማካይ 8 ነጥብ ያህል ወርደዋል፤ ካደጉ በኋላ የጀመሩት ግን እንደዚያ አልወረዱም። ይህ ሁለተኛው አከራካሪ ነው። መንትዮችን ያነጻጸሩ ሌሎች ተመራማሪዎች በሚያጨሰውና በማያጨሰው መንትያ መካከል ያን ያህል ልዩነት አላገኙም፤ ቤቱና ኑሮው ድርሻ አለው አሉ። በለጋ ዕድሜ መጀመርና ማዘውተር አእምሮን ለከባድ ሕመም እንደሚያጋልጥ ግን በየአገሩ ተደጋግሞ ታይቷል።

ጫት ካናቢስ አይደለም። በውስጡ ያለው ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 ተለይቶ የታወቀ፣ የአምፌታሚን ዘመድ የሆነ አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ እየከሰመ ይሄዳል። የሴትዮዋ እርጥብ ጆንያ ለዚህ ነው። ከጫት ገበያዋ አወዳይ ተነስተው ወደ ጅግጅጋና ወደ ጅቡቲ መስመር ነፍስ ይማር የሚያስብሉት መኪኖችም የሚሽቀዳደሙት ከዚህ ክስመት ጋር ነው።

ለእኛ ደኒደን ሩቅ ነው፤ የሶማሌላንዱ ሐርጌሳ ቅርብ ነው። ሐርጌሳ የሚቀመው የእኛው አካባቢ ጫት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እዚያ ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ወንዶች 8.4 በመቶዎቹ በከባድ የአእምሮ ችግር ምክንያት ኑሯቸውን መምራት እንዳቃታቸው ገመተ። የታመሙት ከጤነኛ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ጫት የጀመሩት ቀደም ብለው ነበር፤ የሚቅሙትም አብዝተው ነበር። ጦርነት ያለፈበት ከተማ ነው፤ ቅጠሉ ብቻውን ይህን አላደረገም። ቢሆንም "ቀደም ብለው" የምትለዋን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ጥቁሩ ቲሸርት ይታየኛል።

*

የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን አጥብቆ ይዘራል፤ ከበቀለ በኋላ ያሳሳዋል። የተነቀለው ለከብት ይሆናል፤ የቀረው ይወፍራል፣ ያፈራል። የጎረምሳ አእምሮም እንዲሁ ነው። በልጅነት የበዙትን መገናኛዎች እየነቀለ የሚጠቅሙትን ያጠነክራል፤ ይህ ሥራ እስከ 25 ዓመት ገደማ ይቀጥላል፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ የፊተኛው ክፍል፣ ማለትም ስሜትን የሚገታው፣ ነገን የሚያስበው ነው። በዚህ ጊዜ ማሳው ውስጥ የሚገባ ሁሉ ምን ተነቅሎ ምን እንደሚቀር ላይ እጁን ያስገባል።

እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ትልቅ ጥናት ከአእምሮ ሕመሞች ግማሹ እስከ 14 ዓመት፣ ሦስት አራተኛው እስከ 24 ዓመት ድረስ እንደሚጀምር አሳይቷል። የእኛ ልጆች የመጀመሪያዋን ቅጠል የሚቀበሉበት ዕድሜ ከዚህ ጋር አንድ ነው።

*

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የጥናት ደብተሩን አሳየኝ። ሌሊቱን በጫት ያጠናበት ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ያለው ገጽ ያምራል፤ ጽሑፉ የተስተካከለ፣ ቁም ነገሩ ብቻ በቀይ የተሰመረበት። ወደ 5 ሰዓት ላይ ከመሥመሮቹ ግማሹ ተሰምሮበታል። 7 ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰምሮበታል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ከላዩ ደግሞ ሰማያዊ። 9 ሰዓት ላይ አንድ የፊዚክስ ቀመር ብቻ ነው ያለው። ቆጠርኩት፤ 14 ጊዜ ተጽፏል። "ያኔ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ነበር የገባኝ" አለኝ። ጠዋት ላይስ? ትከሻውን ነቀነቀ።

ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው በጥቅምት 2015 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ያለውን ነገር ያውቃል፤ በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ቁጥር በየቤቱ ገብቶ ተቀምጧል። ወላጅ ልጁ ሌሊት መብራት አብርቶ ሲያጠና ሲያይ ደስ ይለዋል፤ በፌስታሉ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል። እንዲያውም ለማጥኛ ብሎ ገንዘብ የሚሰጥ አባት አውቃለሁ። ምርቃናው እውቀት ይመስላል፤ ያነቃል፣ ያናግራል፣ ሐሳብ ያከታትላል። ያነበቡት የሚደላደለው ግን በእንቅልፍ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጁ ሌሊቱን የጻፈውን የሚያስቀምጥበትን ጎተራ ራሱ ዘግቶታል።

*

ቃላቶቻችን ሕመሙን ይደብቁታል። ልጅ ፈዝዞ ዝም ሲል "ጀዝቧል" እንላለን፤ ይሳቅበታል፣ ቅጽል ስም ይሆናል። ሌሊት በቅዠት ሲጮህ "ዱካክ ነው"፤ ጠዋት ተነጫንጮ ሰው ሲሳደብ "ሐራራ ነው፣ ኢጀበና (የጠዋት ቅጠል) ስጡት"። ለሁሉም ስም አለን፤ ስም ያለው ነገር ደግሞ የታወቀ ይመስላል፣ የታወቀ ነገር አያስፈራም። ዱካክ ሦስት ቀን ቢሆን ዱካክ ነው። ሦስት ወር ሲሆንስ?

የጎረቤቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ጀዝባ ይለው ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ከዚያ የክፍሉን መስኮት በካርቶን ሸፈነ። ባጃጅ በበሩ ሲያልፍ በሬዲዮው ስሙን እንደሚጠሩት ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ምሥጢር ነበር። እናቱ የቀዳችለትን ውሃ ትቶ ከቧንቧ ይጠጣ ጀመር። በዚህ ሁሉ መሐል ከሰዓት በኋላ በርጫው አልተቋረጠም፤ ጓደኞቹም "ሲመረቅን ይጫወታል" ብለው ይፈልጉት ነበር። ሌሊት ለመተኛት ደግሞ መጠጥ ያዘ፤ ጨብሲ መሆኑ ነው። በኋላ ዲያዜፓም ከአንድ ሰው በፍሬ መግዛት ጀመረ። በቅጠል የወጣውን በአልኮል፣ በአልኮል ያልወረደውን በኪኒን። አንድ ልጅ በቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገር ጭንቅላቱ ላይ ያፈራርቃል፣ እኛ "ቃሚ" እንለዋለን።

እናቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ወጣች። ከድሬ በእግሯ ነው የሄደችው፤ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ መጣች። ለገብርኤል የተሳለችውን አልነገረችኝም። በዚህ ስለት የሚስቅ ሰው ፊቴ እንዲቆም አልፈልግም፤ ልጇ ዓይኗ እያየ ከእጇ ሲሄድ ሌላ በር ያላሳየናት እኛ ነን። ሐኪም ቤት የሄዱት የመጀመሪያው ምልክት ከታየ ከ8 ወር በኋላ ነው። የከለከላት እምነቷ አልነበረም። ሐኪም ቤት ከወሰደችው "እብድ" የሚል ስም እንዳይወጣለት፣ ታናሽ እህቱም ባል እንዳታጣ ፈርታ ነው። አሁን ስለቱንም የሐኪሙን ኪኒንም ይዛለች። ኪኒኑን ማታ 2 ሰዓት ላይ ራሷ መዳፉ ላይ አስቀምጣ፣ እስኪውጥ ቆማ ታያለች።

*

ለገሀሬ፣ ባቡር ጣቢያው አጥር ሥር። አሥር ዓመት ያልዘለለ ልጅ እጅጌው ውስጥ የፕላስቲክ ጠርሙስ ደብቋል፤ ማስቲሽ። ለምን እንደሚስበው ጠየቅኩት። "ርሃብ ያጠፋል" አለኝ። ዳቦ ገዛሁለት። ግማሹን በላ፤ ግማሹን ለጓደኛው አስቀመጠ፤ ጠርሙሱን መልሶ አፍንጫው ላይ አደረገ።

ስለዚህ ልጅ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም። ስለ በርጫ ለመከራከር ቤት ያለው ልጅ ያስፈልጋል።

*

ጫትን ንቀሉት የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ውስጥ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ መዛቱ ተጽፏል፤ ያን ያህል የቆየ ተክል ነው። በ2013 የበጀት ዓመት አገሪቱ ከጫት ያገኘችው የውጭ ምንዛሪ 400 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የሐረማያ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው በዚህ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያነሳኋት ሴትዮም የቤት ኪራይ የምትከፍለው በዚህ ነው። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ100 ወንዶች 27ቱ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። 27 ሰው በአዋጅ አይነቀልም።

እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። ይዘግይ። ለሲጋራ 21 ዓመት ያለ አገር ለጫት ዝም ማለት የለበትም፤ የመጀመሪያዋ ቅጠል ከ14 ዓመት ወደ 21 ብትገፋ ብቻ አእምሮው ሥራውን ጨርሶ ባይሆን እንኳ አብዛኛውን ሠርቶ ይጠብቃታል። ሻጯ ለሸሚዙ ያወጣችውን ደንብ ለልጁ ብታደርገው ገበያዋ አይዘጋም። አጎቶችም እጃችሁን ሰብስቡ። ደግነታችሁን በለውዝ፣ በማንጎ፣ በባጃጅ ብር አሳዩት።

*

የድሬ ከሰዓት ከባድ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ይራቆታል፣ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይነድዳል። እስከ 10፣ እስከ 11 ሰዓት ከተማዋ በሩን ዘግታ ትጋደማለች። በዚያ ሰዓት ለአንድ ጎረምሳ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሰው ያለበት፣ ወሬ ያለበት፣ "ግባ አቦ" የሚባልበት ቦታ በርጫ ነው። ልጁ የሚሄደው ለቅጠሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥላ ፍለጋም ነው።

የጎረቤቴ ልጅ ጫት ካቆመ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ስሙን የሚጠራው ድምፅ ቀርቷል። ኪኒኑ ያከብደዋል፤ አፉ ይደርቃል። ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል። ባለፈው ሰኞ በራፌ ላይ ቆሞ፣ "አቦ፣ ጠዋቱን ችዬዋለሁ፣ ማታውንም ችዬዋለሁ። ከ7 እስከ 11 ያለውን የት ልሂድበት?" አለኝ።

"እኔ ቤት ና" አልኩት።

ማክሰኞ መጣ። ሳሎን ተቀምጦ ስልኩን ነካ ነካ አደረገ፤ ውሃ ጠጣ፤ ስለ ኳስ ጥቂት አወራን። 8 ሰዓት ገደማ ላይ ጭንቅላቱ ወደ ትራሱ ዘንበል አለ። ቬንቲሌተሩን ወደ እሱ አዞርኩለት። 10 ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ልትቀሰቅሰው መጣች፤ በእጄ ከለከልኳት።